የሚቀር ይቁም

— ሄሎ? … ሄሎ፣ እትዬ ኧርነስቲን? … እማዬ እዚህ ናት። … እዚህ ናት እልሻለሁ፣ እኔ ቤት፣ ሚሲሲፒ። … ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም። … እሺ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። እጠብቃለሁ።

— … ጨረስሽ? … ፖሊስ ጋ? በይ መልሰሽ ደውዪና ተገኝታለች በያቸው። … ከእኔ ጋር ከጨረስሽ በኋላ፣ እሺ።

— ከቺካጎ በአውቶቡስ ነዋ። ትናንት ለሌሊት ፈረቃሽ ስትወጪ አልጋዋ ላይ አልነበረች? … ተኝታ እንዳይመስልሽ። ከነጫማዋ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ መውጣትሽን ስትጠብቅ ነበር። ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ያውም እየሳቀች። ሜምፊስ ላይ አውቶቡስ ቀየረች፣ አውራ ጎዳናው ላይ ወረደች፣ ከዚያ አምባዛ የሚጭን መኪና ለምና መጣች። ልብሷ አሁንም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። … እኔስ መች ጠፋኝ፣ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ምን ላድርጋት፣ ልምታት?

— የለም፣ አላስቀየምሻትም። ስሚኝ እስቲ። ቤትሽንም እጅሽንም ስታመሰግን ነው የቆየችው። ብቻ ከአስራ አንደኛ ፎቅ መሬት አይታይም ነው ያለችው። ሊፍት ውስጥ ደህና አደራችሁ ብላ ስትገባ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል አለች። … ውሃው ንጹህ ነው፣ ሐኪሙም ደጃፍ ላይ ነው፣ አልካደችም እሱን።

— እማዬ፣ ኧርነስቲን ናት። ታናግሪያት? … እሺ፣ ብዪ፣ ብዪ። — እየበላች ነው፣ ቬልማ አደንጓሬና የበቆሎ ዳቦ አቅርባላት። … ኧረ አልተቆጣችሽም፣ አፏ ሙሉ ሆኖ ነው።

— ጉዱ ግን ሌላ ነው፣ እትዬ። ጊዜ አለሽ? … በቀጥታ እኔ ቤት አይደለም የመጣችው። ቸርች ነው የገባችው፣ ስብሰባው መሀል። … እንዴ፣ አልነገርኩሽም? ከክልሉ መንግሥት ሰውዬ መጥቶ ነበር። አውሎ ነፋሱ የሰበረው የውሃ ፓምፕ ይጠገን አይጠገን፣ ክሊኒኩ ይከፈት አይከፈት የሚወሰነው የሚቀረው ሰው ታይቶ ነው አሉ። ሰው የማይቀርበት ከተማ ላይ ቧንቧ አንቀብርም ነው ነገሩ።

— መጥፎ ሰው አይደለም። ለስላሳ ነው፣ ወጣት ነው፣ ክራቫቱን አላልቶ ነው የገባው። ፓስተር ግሬሰን ጸሎት አደረሰና ዕድሉን ሰጠው። ሰውዬው፣ «እዚህ መኖር ደስ ይላችኋል ወይስ ቢመቻችሁ ሌላ ቦታ ትሄዳላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። … ልክ እንደሱ፣ ሁለቱን አንድ ላይ። እኔ ደግሞ ለራሴ፣ ይሄ ሁለት ጥያቄ ነው አልኩ። ደስ ይለኛል። እሄዳለሁም። ታዲያ ለየትኛው ነው የምመልሰው?

— መጨረሻ ላይ ኤልሮይ ተነሳ፣ ያ ከጥጥ መዳመጫው ፊት ለፊት ያለው ሽማግሌ፣ ታውቂው የለ? … እሱ። «ልጄ፣ አገሬን እወዳታለሁ፣ ግን ፍቅር ጣሪያ አይሆንም» አለና ተቀመጠ። እሱ ቤት ላይ አሁንም በጣሪያው ፋንታ ያ ሰማያዊ ሸራ ነው ያለው፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ ያድራል። እኛም ጋ እኮ እንደዚያው ነው።

— ሰውዬው ጨነቀው። «እንግዲህ የሚቀር ይቁም» አለ። … ማንም አልቆመም። ጫማ ጫማችንን ማየት ጀመርን። እኔማ ምን ብዬ ልቁም፣ አንቺ ታውቂው የለ። ሂውስተን ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልጃችንም ከሐኪም ቤቱ አጠገብ ለእኔና ለቬልማ ክፍል አዘጋጅታለች። … ለእማዬማ አልነገርኳትም። በስልክ አይሆንም፣ ቺካጎ ድረስ ሄጄ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ቆየሁ።

— ቬልማማ አሁን ደክማለች። እዚህ ያለው ክሊኒክ ተዘግቶ ለኩላሊት እጥበቱ ወንዙን ተሻግረን ነው የምንሄደው። ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን፣ ስንመለስ መኪና ውስጥ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ትተኛለች። ባለፈው ድልድዩ በጭጋግ ተዘግቶ ሳትታጠብ ተመለስን። ሁለት ቀን ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይገለጥም ነበር። በሁለተኛው ቀን ነው ለሂውስተን እሺ ያልኳቸው።

— … አለሁ። ትሰሚኛለሽ? … መስመሩ ነው፣ መስኮቱ ጋ ልጠጋ። … አሁንስ? እሺ።

— እና እንዲሁ ጫማችንን እንዳየን በሩ ተከፈተ። እማዬ ናት። ኮፍያዋን አድርጋለች፣ ያንን የእሑዱን፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። መንፈስ ያየን ነው የመሰለን። «ምንድነው የተጠየቀው?» አለች። ኤልሮይ፣ «እማማ ሎቲ፣ የሚቀር ይቁም ተብሎ ነው» አላት። እሷም ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «እኔስ ቆሜ ነው የገባሁት» አለችው።

— … አዎ፣ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰውዬው ራሱ ሳቀ። ከዚያ ግን … ቬልማ ቆመች።

— ቬልማ። የእኔዋ ቬልማ። አጠገቤ ተቀምጣ፣ የፊተኛውን ወንበር ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። እኔ ውሃ ልትጠጣ መስሎኝ ነበር፣ ግን ቆማ ቀረች። ታዲያ ሚስቴ ቆማ እኔ ልቀመጥ? ተነሳሁ። ኤልሮይ ተነሳ። ፓስተሩ እንኳ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፣ ልጆቹ ጋ አትላንታ ሊገባ እቃውን እንደጫነ የማያውቅ የለም እኮ። ቤቱ በሙሉ ቆመ። ሰውዬው ደስ ብሎት ይጽፋል፣ እኛ ደግሞ እርስ በርስ ላለመተያየት ጣሪያ ጣሪያ እናያለን።

— አያምርም እንዴ አልሽኝ? … እኔስ ምኑ እንዳማረ አላውቅም። ያ ፓምፕ በእኛ ውሸት ይጠገናል፣ ከዚያ ማን ይጠጣዋል?

— ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኳት። «ቬልማ፣ ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት። «እናትህ ቆማ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። … እሱን ነው የማላውቀው፣ እትዬ። አክብሮት ይሁን ወይስ … እዚሁ ልቅር ማለቷ ይሁን። ቤት ገብታ ለእማዬ ምሳ አቀረበችና ጋደም አለች፣ በሩን ዘግታ።

— ቀስ በዪ፣ አትጩሂ። እማዬ እዚሁ … አቤት፣ እማዬ? … ሂውስተን አልኩ፣ አዎ። … ሰማሽ እንዴ ሁሉንም? … አይደለም፣ ልደብቅሽ ፈልጌ አይደለም።

— እትዬ፣ ቆይኝ እስቲ፣ እየተናገረች ነው። … እሺ እማዬ። … እሺ። … እሱንማ አውቃለሁ። … እንዲህ አትበዪ እንጂ።

— … ሄሎ? አለሁ። … ምን እንዳለች? ቆይ ልቀመጥ።

— «ቬልማ የቆመችው ለእኔ ክብር ነው፣ ክብር ደግሞ መድኃኒት አይደለም። ይዘሃት ሂድ» አለችኝ። «እንቢ ብትል እንኳ ለምነህ ይዘሃት ሂድ። እኔ ከፎቅ ላይ ምን እንደሚታይ አይቼዋለሁ። ልቧ ይጨልማል፣ አንተንም ትረግምሃለች። ግድ የለም፣ በሕይወት ኖራ ትርገምህ።» … አዎ፣ እንዲህ ነው ያለችው። ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ ዓይኔን እያየች።

— እማዬ ራሷማ አትንቀሳቀስም። ጠየቅኳት እኮ። «እኔ ሰውዬውን አልዋሸሁትም» ነው ያለችኝ። እዚሁ፣ ሸራው ስር፣ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው። ውሃ አፍልቶ የሚያስቀምጥላት የለ። ብትወድቅ የሚሰማት የለ። አንዷን ላድን ሌላዋን ጥዬ ልሄድ ነው፣ እትዬ። ሦስት ሰዎች ነን፣ ማን ከማን እንደሚለይ ጠፋን።

— … ሄሎ? … ኧርነስቲን? ተቋረጠ እንዴ? … አለሽ።

— እኔ እመጣለሁ አልሽ? … ምን ማለትሽ ነው፣ ለጥየቃ? … ለመኖር። … ሥራሽስ? … ኧረ አይደለም፣ ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ግን እትዬ፣ አሁን እያለቀስሽ አትበዪው። ዛሬ እዚያ ቸርች ውስጥ ሳያስቡበት የቆሙ ሰዎች ይበቁናል። … እንደሱ አላልኩም። ሳትተኚ ነው የዋልሽው፣ ተኚ። ስትነሺ መስኮትሽ ጋ ቁሚና እዚያ ያለሽን ሁሉ እዪው፣ ቤቱን፣ ጓደኞችሽን፣ ያንን የሞቀ ውሃ። እዚህ ያለውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ከዚያ በኋላም እመጣለሁ ካልሽ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ደውለሽ ንገሪያት። እኔ ብነግራት አታምነኝም።

— … እሺ። እሺ እህቴ። … አዎ፣ ሳምልኝ ብላለች እላታለሁ።

— ቆይ … ቬልማ ተነሳች መሰለኝ፣ አልጋው ጮኸ። … ምን እላታለሁ? እማዬ ይዘሃት ሂድ አለችኝ፣ አንቺም ውሰዳት ትያለሽ፣ ልጃችንም ኑ ትላለች። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም እኮ። እኔም ሥራውን እሺ ያልኩት ዓይኗ አብጦ እንደተኛች ነው። … አላውቅም ምን እንደምትለኝ። መቅረት ነው የምፈልገው ብትለኝስ?

— በሩን ከፈተች። ዝጊው፣ እትዬ። … አዎ። ልጠይቃት ነው።