ጎኗን አያማትም

ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ ጉቴን አለፍ ብሎ በነበረው ኬላ አውቶቡሱ ቆመና ሰው ሁሉ እንዲወርድ ታዘዘ። ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓ.ም.፣ ወሩ ግንቦት ነበር። በዚያ ጊዜ ኬላ ላይ መፈተሽ እንደ ዝናብ ተለምዶ ስለነበር ማንም አላጉረመረመም። ሰዉ ዕቃውን እግሩ ሥር እያስቀመጠ በሰልፍ ቆመ።

አቶ ወልደሩፋኤል ከሰልፉ መካከል ነበሩ። ጉራጌ አገር ተወልደው፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጡ፣ ኦሮምኛውን ከደንበኛ አፍ የተማሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ሐረግወይን ከሞቱ ሁለት ወር አልሞላም። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጢማቸውንም አልተላጩም። ያን ቀን የሚሄዱት አኖ ከተማ ወደምትኖረው እህታቸው ወደ ወለቴ ነበር። በኮታቸው ኪስ አንዲት ቡናማ ብልቃጥ ይዘዋል።

ፈታሹ ወታደር ኪሳቸውን ሲዳብስ ብልቃጧ ተንሿሿች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መድኃኒት ነው፣ ጓድ።»

«የማን?»

«የሚስቴ።»

«ሚስትህ የታለች?»

አቶ ወልደሩፋኤል አፋቸውን ከፈቱ። ለለቀስተኛ ሁሉ ሲናገሩት የሰነበቱት ነገር ለዚህ ሰው አልነገር አላቸው። ወታደሩ ብልቃጧን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ሲያገላብጣት፣ ጉቴ ላይ የተሳፈረ አንድ ረጅም ወጣት ከኋላቸው ብቅ አለ።

«ጓድ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ። ከእኛ ክሊኒክ የወጣ የአጥንት ማጠንከሪያ ክኒን ነው። ባለቤታቸው አርፈዋል» አለና መታወቂያውን አሳየ። ወታደሩም ብልቃጧን መለሰ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወጣቱ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና በኦሮምኛ ሰላም አላቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ወልደሩፋኤል?»

«ፈያዳ፣ ጋለታ ዋቃ። አንተ የጉሉማ ልጅ አይደለህም? ከክሊኒክ ቤታችን ትመላለስ የነበርከው?»

«ነኝ፤ ደረሳ፣ ጤና ረዳቱ። አዴ ሐረግወይን ሲያርፉ ገጠር ነበርኩ፤ ሳልደርስዎ ቀረሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን። ከኬላውም ስላወጣኸኝ ጋለቶማ።»

ደረሳ ወደ ኪሳቸው አየት አደረገ። «ክኒኑን ግን ወዴት ይዘውት ነው?»

«ለእህቴ ነው። ለወለቴ። ወገቧ ጎብጦ መሬት መሬት ታያለች። ሐረግ ግማሹን አልጨረሰችውም፤ ታዲያ ይጣል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ኦቦ፣ ለአንድ ሰው የታዘዘ መድኃኒት ለሌላ አይሰጥም።»

«ቀሚሷን ሰጠሁ፤ ጫማዋን ሰጠሁ። መድኃኒቷን ምን ለየው?»

«እርስዎ ጨርቅ ሻጭ ነዎት። ቀሚስ ልክ አልሆን ሲል ይወልቃል። ክኒን ከተዋጠ በኋላ እንዴት ይወልቃል?»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት።

«በዚያ ላይ» አለ ደረሳ፣ «ክኒኑ ገና ጥናት ላይ ነው። አዴ ሐረግወይንም ከተመዘገቡት አንዷ ነበሩ።»

«ያስጠላኝስ ይሄ ነው! ሰውን እንደ ዶሮ ትሞክሩበታላችሁ።»

«ክኒኑን ለእህትዎ ይዘው እየሄዱ?»

«ክኒኑ ምን አደረገ? ክኒኑ የውጭ አገር ነው። የከፋው የእናንተ መዝገብ ነው። በየቀጠሮው ስም፣ ዕድሜ፣ ምን ተሰማዎት፣ ምን አመመዎት! መዝገብ ከተገለጠ ወይ ቀበሌ ነው፣ ወይ ፖሊስ ነው። ስሜ ካለበት መዝገብ ደግ ነገር ሲወጣ አላየሁም።»

ይህን የሚሉት አቶ ወልደሩፋኤል ብቻ አልነበሩም። በዚያ ዘመን በመዝገብ የገባ ስም ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበርና፣ መፍራታቸው አያስነቅፋቸውም። ደረሳም አልነቀፋቸውም።

«እውነትዎን ነው፤ መዝገብ ያስፈራል» አለ። «የእኛ መዝገብ ግን እኔ ለጉብኝት ይዤው ከምወጣው በቀር ከክሊኒኩ አይወጣም። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር በላይ የሣጥኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚውሉት። ይኸውልዎት፣ ማንኛውም መድኃኒት የተላከበትን ሥራ ይሠራል፤ ያልተላከበትንም ይሠራል። ይሄን ክኒን የሠሩት ሰዎች በአገራቸው ሰው ላይ አይተውታል። እኛ ሰው ላይ፣ በእኛ ምግብ፣ በእኛ አዋዋጥ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አያውቅም። ዶክተር በላይ አጥንቱን በራጅ ያያሉ፤ ደሙን ያስመረምራሉ። የዋጠው ሰው ውስጡ የሚሰማው ነገር ግን በራጅ አይወጣም። እሱን የሚያውቅ ዋጪው ብቻ ነው።»

«ዋጪውማ ጨዋ ከሆነ ዝም ይላል።»

«ለምን?»

«አንድ ሰው ቤቱ ጠርቶ አብልቶህ ሲያበቃ ‹ምግብህ ሆዴን ቆረጠኝ› ትለዋለህ? በነፃ መድኃኒት ሰጥቶህ ‹መድኃኒትህ አመመኝ› ትለዋለህ? ነውር ነው! ደግሞ...» አቶ ወልደሩፋኤል የፊተኛውን ወንበር አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመንግሥት ነገር አይረባም ያለ ምን እንደሚባል አጣኸው? አሻጥረኛ ነው የሚባለው!»

ደረሳም ወደፊት አየና እንደሳቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ዶክተር በላይ ማማት አይሉትም፤ ምስክርነት ነው የሚሉት። ጋባዡ እኮ ሌላ መቶ እንግዳ ሊጠራ ነው። ወጡ ተበላሽቶ ካልነገሩት መቶውም ይታመማል። የትኛው ነው ጨዋነቱ?»

ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል የሚያልፈውን የበቆሎ ማሳ ሲያዩ ቆዩ። ደረሳም የልቡን አወጣ።

«ኦቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አዴ ሐረግወይን ክኒኑን መዋጥ ከጀመሩ ወዲህ ምንም አልተሰማቸውም ነበር? በሦስቱም ቀጠሮ ‹የለም› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለህ ጠይቀኸን ነበር?»

«‹የጎንዮሽ ጉዳት አለ ወይ?› ብዬ። የመለሱልኝ እርስዎ ነበሩ። እሳቸው አልጋው ላይ ከኋላዎ ተኝተው ነበር።»

«አዎን፤ ጎኗን አያማትም አልኩህ። አልዋሸሁህም። አንድ ቀን ጎኔን ብላ አታውቅም። የሚያቃጥላት ልቧን ነበር።»

ደረሳ ዞር ብሎ አያቸው። «ምን አሉኝ?»

«ልቧን ነው እንጂ! እዚህ ጋ፣ ከደረቷ መሐል። ክኒኑን በዋጠች ቁጥር ፍም የዋጥኩ ይመስለኛል ትለኝ ነበር። በኋላ ምራቋን መዋጥ አቃታት። በመጨረሻው ሳምንት ደም አስመለሳት። አንተ ግን የጠየቅኸኝ ስለ ጎን ነው።»

ደረሳ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አውቶቡሱ አንድ ቁልቁለት ወርዶ ድልድይ ተሻገረ።

«የጎንዮሽ ማለት» አለ ደረሳ፣ «ጎን ማለት አይደለም፣ ኦቦ። መድኃኒቱ ከሥራው ወጣ ብሎ በሌላ በኩል የሚያመጣው ጉዳት ሁሉ ነው። ልብ ማቃጠል ቢሆን፣ ራስ ምታት ቢሆን። ቃሉ ከአዲስ አበባ በታተመ ቅጽ ላይ መጣልን፤ እንዳነበብኩት ጠየቅሁ። በኦሮምኛ ስጠይቅማ ‹ጪናቻ› ነበር የምለው። ሴቶቹ ይስቁብኛል። ‹የጎን አጥንታችን ምን ሆነ ይለናል ይሄ ልጅ!› እያሉ። ዛሬ ጠዋት ጉቴ ላይ አዴ ድርቤ የምትባል ሴት ‹ጎኔ ደህና ነው› ብላኝ ልትሸኘኝ ስትነሣ ደረቷን ይዛ ቆመች። አየኋት። አይቻትም ‹የለም› ብዬ ጻፍኩ።»

አቶ ወልደሩፋኤል ብልቃጧን ከኪሳቸው አውጥተው በመዳፋቸው ያዟት።

«ክኒኑ ነው የገደላት?»

«አላውቅም።»

«ተምረሃል አይደል? ንገረኝ!»

«አላውቅም፣ ኦቦ። ዶክተር በላይንም ቢጠይቋቸው አያውቁም። መዝገባቸው ‹የለም› ነው የሚላቸው። እንዴት አድርገው ነበር የሚውጡት?»

«ተኝታ ነዋ። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ቀና ማለት አልቻለችም። በሾርባ ማንኪያ ውሃ እኔው ነበርኩ የማስውጣት።»

«ክኒን ተኝተው በጥቂት ውሃ ሲውጡት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስል እንደሚችል ተምሬያለሁ። የሳቸው እንዲያ ይሁን አይሁን አንድ ሰው ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የአዴ ድርቤ፣ የሌሎቹም ቃል ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው የሚታወቀው።»

አቶ ወልደሩፋኤል ሚስታቸውን ይወዱ ነበር። ሰው ወይዘሮ ሐረግወይንን አንድ ነገር ሲጠይቅ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመለሱት እሳቸው ነበሩ። ከየት መጣሽ ሲባሉም፣ ምን ትወጃለሽ ሲባሉም፣ ምንሽን ያምሻል ሲባሉም። ይህ በዚያ ትውልድ ዘንድ ሚስትን ማክበር ነበር፤ ባዳ ፊት አፏን እንዳትከፍት ማሳረፍ። አሁን በአውቶቡሱ ወንበር ላይ የትዝታቸው ዓይን የሚያየው ያችን አልጋ ነበር። ደረሳ በሦስተኛው ቀጠሮ ሲጠይቅ ከኋላቸው አንድ ድምፅ ተሰምቶ ነበር። ሐረግ «እኔን...» ብላ ጀምራለች። እሳቸው ቀድመው «ጎኗን አያማትም» አሉ። እሷም ተወችው።

«አሁን ብነግርህ እሷን ምን ይጠቅማታል?» አሉ።

«እሳቸውን ምንም አይጠቅምም። አልዋሽዎትም። አዴ ድርቤን ይጠቅማል። አዴ ወለቴንም።»

«ወለቴ መዝገብ ልትገባ ነው?»

«ከፈለጉ። ዶክተር በላይ መርምረዋቸው ክኒኑ ይስማማቸዋል ካሉ፣ እሳቸውም ምን እንደሆነ ተነግሯቸው እሺ ካሉ።»

«እምቢ ያለችስ?»

«እምቢ ይላሉ። ሕክምናቸው አይጓደልም። ገብተውም በመሐል ልውጣ ካሉ ይወጣሉ። ከቀበሌ ስብሰባ የሚለየው በዚህ ነው።»

አቶ ወልደሩፋኤል ሐዘን ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልቆየም። ብልቃጧን ደረሳ ጭን ላይ አስቀመጡና «መዝገብህን አውጣ» አሉት። «የሞተ ሰው ቃል ይጻፋል?»

«ይጻፋል።»

«እንግዲያው እሷ እንዳለችው ጻፍ። እኔ እንዳልኩት አይደለም።»

ደረሳ በሚንቀጠቀጠው መኪና ላይ ‹የለም› የሚለውን ሦስት ቦታ ሰርዞ፣ ፍሙን፣ ምራቁን፣ ደሙን በተራ ጻፈ። ሽማግሌው አጻጻፉን በዓይናቸው ተከተሉ። በራሳቸው ጥረት ፊደል የቆጠሩ ሰው ስለነበሩ አንድ ቃል አሳርመውታል፤ ‹ልቧን› ብሎ ቢጽፍ ‹ልቤን› በል አሉት።

አኖ ሲደርሱ ደረሳ የዚያ ቀን ሥራውን ትቶ በተገኘ ጭነት መኪና ወደ ጉቴ ተመለሰ። ወይዘሮ ድርቤ ያንኑ ቀን ክኒኑን አቆሙ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ቃጠሎው ተዋቸው። ዶክተር በላይ ለሁሉም ሕመምተኛ ጥያቄው እንደገና እንዲቀርብ አዘዙ። ‹የጎንዮሽ› የሚለው ቃል ከጥያቄው ወጥቶ በቦታው «ክኒኑን መዋጥ ከጀመሩ ወዲህ ከፀጉርዎ እስከ ጥፍርዎ አዲስ የመጣብዎ ነገር ምንድን ነው?» የሚል ተተካ። ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ ቀድሞ ‹የለም› ካሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች አሥራ አራቱ የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ክኒኑን የሚውጡት ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ክኒኑ የተሰጠው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ እንዲውጥና ቶሎ ጋደም እንዳይል ይነገረው ጀመር። መቀመጥ ለማይችል ክኒኑ አልታዘዘም። የወይዘሮ ሐረግወይን አሟሟት ግን እስከ መጨረሻው አልተረጋገጠም። ዶክተር በላይም ይህንኑ ለአቶ ወልደሩፋኤል ፊት ለፊት ነገሯቸው፤ እሳቸውም ከሐሰት ማጽናኛ ይሻላል ብለው ተቀበሉት።

በሐምሌ ወር አቶ ወልደሩፋኤል እህታቸውን ራሳቸው ክሊኒክ ይዘው መጡ። ወይዘሮ ወለቴ ክኒኑን ከጀመሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ጥናቱ ውስጥ የገቡትም ሁሉንም ሰምተው፣ የሐረግወይንን ነገር ሳይቀር ጠይቀው፣ በፈቃዳቸው ነው። ደረሳ መዝገቡን ገለጠ።

«አዴ ወለቴ፣ ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ከፀጉርዎ እስከ ጥፍርዎ አዲስ የመጣብዎ ነገር ምንድን ነው?»

ወለቴ ወንድማቸውን አዩ። አቶ ወልደሩፋኤልም እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ። «እሷን...» አሉና አቆሙ።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ።

«እሷን ጠይቃት» አሉ፣ ወጥተውም በሩን ከኋላቸው ዘጉ።