ዊንዶውሴን የት አደረስከው?

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ኮምፒውተራቸውን የሠራላቸውን ወጣት ከፊቴ ተቀምጦ አገኙት።

«አንተ፣ ዊንዶውሴን የት አደረስከው?»

«አለ እኮ እትዬ! ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም አጠገቡ ነው የጫንኩት። ዲስኩን ለሁለቱ አካፈልኳቸው።»

«እንደ አባት መሬት? ታናሹ መጥቶ በሩን ያዘዋ!»

«ሲያበሩት የሁለቱም ስም ይወጣል፤ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ዊንዶውስን ይምረጡ፤ አለዚያ ሊኑክስ ይከፈታል።»

«መነጽሬን እስካገኝ ያ ያንተው ገብቶ ተደላድሏል።»

«ሰከንዱን እጨምርልዎታለሁ።»

«ፕሪንተሩስ?»

«በሊኑክስ ለጊዜው እምቢ ብሏል። ግን ቫይረስ አይገባም!»

«እውነትህን ነው፤ በገበያ ቀን ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው እንኳ አልገባም።»

«እስቲ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሰው ካወቁ ይላኩልኝ።»

ደብረ ታቦር ላሠራው የያዝኩትን ላፕቶፕ ቀስ ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኩት።