ለጋሽ ዘይኑልአቢዲን የሰጠሁት ሳህን

ክቡራትና ክቡራን... እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ያለችኝ ራሂማ ናት፣ አብራኝ ወጥ የምትሠራዋ። ካቆምኩ አልቀጥልም፣ ፈጠን ፈጠን ብዬ ልናገር። ለአንዲት የወጥ ቤት ልጅ ብላችሁ ይኼን ሁሉ ደግሳችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ነገ ወደ ቦሩ ሜዳ ልሄድ ነው፣ እናቴ አይኗ ደክሟል፣ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። እዚህ ኮምቦልቻ ኮሌጁ ወጥ ቤት አራት ዓመት ሠራሁ። ስመጣ ሽንኩርት እንኳን በወጉ አልከትፍም ነበር። ራሂማ «አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርቱን ነው ጣትሽን?» ትለኝ ነበር። ይኸው አሁንም ትስቃለች።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር ብሄድ መንገዱ አይቀናኝም።

ወጥ ቤታችን ሁለት ድስት አለ፣ በአንዱ የሙስሊሙ ሥጋ፣ በአንዱ የክርስቲያኑ፣ ጭልፋውም ለየብቻ። ክዳኑ ላይ ጨርቅ ታስሯል፣ የሙስሊሙ አረንጓዴ፣ የእኛ ቀይ። አምና ተማሪዎቹ የተመረቁ ቀን፣ በዚያ ወከባ፣ ክዳኖቹን አጥቤ ስመልስ አቀያየርኳቸው። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ጥበቃችን፣ በሩን ትተው መቆየት ስለማይችሉ ሁሌ ቀድመው ነው የሚበሉት። ጨልፌ ሰጠኋቸው። ለሚቀጥለው ሰው ከዚያው አረንጓዴ ጨርቅ ካለው ድስት ስጨልፍ ሳየው፣ ሥጋው ራሴ የከተፍኩት ነው፣ የእኛ ሥጋ። ዞር ስል እሳቸው እየበሉ ነው፣ ጭራሽ «አላህ እጅሽን ይባርከው» አሉኝ። ምን ልበል? ክዳኖቹን ቶሎ ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ ሌላ ሰው አልበላም፣ አትደንግጡ። እኔ ግን ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ዝም።

ዘንድሮ ኮሪደር ስወለውል መምህር ኃይለ ሚካኤል ሲያስተምሩ ሰማሁ። ፈረንጅ አገር ስለነበረ ስለ አንድ መነኩሴ ነው፣ ፈላስፋ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሆኖታል አሉ፣ ስሙ አፌ ላይ አይዞርም። እግዜር የሚመዝነው እጅ የሠራውን ሳይሆን ልብ እሺ ያለውን ነው ይላል። መወልወያውን ይዤ ቆምኩ። ሲወጡ፣ ሳላውቅ ያደረግኩት ኃጢአት አይሆንም ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው፣ አይሆንም አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

«ካወቅኩ በኋላ ዝም ብልስ?» አልኳቸው።

«ዝም ስትይ ልብሽ ምን ይል ነበር?»

ልቤማ እሺ ብሎ ነበር። አይወቁብኝ፣ አልባረር፣ ብሎ ነበር። ጥፋቴ ጭልፋው አይደለም፣ ዝምታው ነው። ለራሂማ የሳህኑን ሳልነግራት የመነኩሴውን ብቻ ብነግራት፣ «ይኼማ ኒያ ነው፣ ሥራ በልብ ሐሳብ ይመዘናል የሚለው፣ እኛ ቤት ሕፃኑም ያውቀዋል፣ ለዚህ ነው ሰውዬው እንዲያ የደከመው?» አለችኝ።

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን፣ ያንን ሳህን የሰጠሁዎት ሳላውቅ ነው። ዝም ያልኩት አውቄ ነው። አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ይመልሱልኝ አልልም፣ ይኼ ሁሉ ሰው እያየ ማን እምቢ ይላል? እሱ ደግሞ ከልብ እሺ ማለት አይሆንም። ነገ ጠዋት ሚኒባስ ስጠብቅ እርስዎ በር ላይ ነው የምቆመው። ልብዎ ያለውን ያኔ ይንገሩኝ፣ እምቢም ቢሉ እቀበላለሁ።

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም በጤና ያቆያችሁ፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። በእኔ ቦታ የምትመጣዋን ልጅ ደግሞ አደራ፣ ስታጠፋ የማትፈራችሁ ሁኑላት።