«የስ» ያስባለ ይሉኝታ

ኦቦ ቀንዓ ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ወንጪ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ፊታቸውን አኮሳትረው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ኤቢሴ የሆቴል መስተንግዶ ሠልጣኝ ናት፤ ለሥራ ልምምድ ሐይቁ አጠገብ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ተመድባለች። ትናንት በስልክ እያለቀሰች፣ «አባዬ፣ እስከ ነገ እንግዳ በእንግሊዝኛ ማነጋገር ካልቻልኩ ይመልሱኛል» ብላቸዋለች። ከተመለሰች የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ! እሳቸውም፣ ተባረረች ከሚባል እኔው ላምጣት ብለው ተነሡ።

አጠገባቸው ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? የኤቢሴ የእንግሊዝኛ አሠልጣኝ፣ መምህርት ሐምዲያ!

«አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ ኦቦ ቀንዓ! እኔም ሠልጣኞቼን ላይ እየሄድኩ ነው።»

«ነገሩ ምንድን ነው መምህርት? ልጄ በፈተና ሁሌ አንደኛ አይደለች?»

«ጽሑፉንማ ትችላለች፤ ጆሮዋና አንደበቷ ናቸው ያልለመዱት። ባለፈው አንዲት እንግዳ ለጠዋት ፈረስ እንዲዘጋጅላት ጠየቀቻት። ኤቢሴ አልገባትም፤ ግን አንገቷን ደፍታ ‹የስ› አለች። ሴትዮዋ ማለዳ በር ላይ ብርድ ሲጠብሳት፣ ፈረስ የለ ምን የለ!»

«ታዲያ ምን ታድርግ? ትልቅ ሰው አታስደግሚ ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ማስደገም ነውር ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ስንቶቻችን እንዲህ ተብለን አድገናል! ክብር ያልነው ነገር ግን እንግዳዋን በብርድ አስቁሞ ቀረ።

«እስቲ ልጠይቅዎ፤ ጊንጪ ገበያ በሬ ሲሸጡ፣ ገዢው የጠራውን ዋጋ ሳይሰሙ ‹እሺ› ይላሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ!»

«ገዢው ሽማግሌ ቢሆንስ?»

«ሽማግሌም ቢሆን፣ ይድገሙልኝ እላለኋ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ቀንዓ ግን ቶሎ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«ስትሳሳት ይስቁባታል እኮ።»

«ይሳቁ! እኔም ተስቆብኛል፤ ይኸው አልሞትኩም። ቋንቋ ሲያወሩት ነው የሚለመደው። ‹አልገባኝም፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ› ለማለት ከደፈረች፣ ሌላው እያደር ይመጣል።»

ሲደርሱ ኤቢሴ ዓይኗ አብጦ፣ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። አባቷ ሻንጣውን ተቀበሏትና፣ «መልሰሽ አስገቢው። ካልሰማሽ አስደግሚ፤ ሦስቴም ቢሆን! እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት።

ምሳ ላይ አንድ ሸበቶ እንግዳ በእንግሊዝኛ ተንደቀደቀባት። ኤቢሴ ደፈር ብላ፣ ቀስ ብሎ እንዲደግምላት በዚያው ቋንቋ ለመነችው። ሰውየው ፈገግ ብሎ ደገመላት፤ ሰዓቱ በደንብ ስላልተሰማት እሱንም አስደገመችው። ለካ ለሁለት ሰው ጀልባ ነው የፈለገው! ጀልባዋ በሰዓቷ ቀረበች። የማረፊያው ኃላፊ ወይዘሮ ባየሽም፣ «ነገ ቁርስ የምታስተናግጂው አንቺ ነሽ» አለቻት። ኤቢሴ በደስታ አባቷ ላይ ተጠመጠመች።

መጠየቅን የደፈረ ሠልጣኝ ሥራውን ያውቃል፣ እንግዳውም ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ያ ሁሉ የክፍል ትምህርትም አፍ ያወጣል። ኦቦ ቀንዓም ይህን በዓይናቸው አዩ።

ሸበቶው እንግዳ ከጀልባ ሲመለስ ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ ልጃቸውን።

ኤቢሴ አፍራ፣ «ጎበዝ ልጅ አለችዎ ነው የሚለው» አለች።

«ይሄንንማ አስደግሚው!»