ደመወዝ ይወልዳል?

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ የጊኒር ከብት ነጋዴና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጃቸው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ነርስነት ለመማር ኮሌጅ ልትመዘገብ ነው።

«ክፍያውን በብድር እንከፍላለን አልሽ። በዚያ ብድር ጊደር ብንገዛበትስ?»

«ጊደሯ ምን ትሠራለች፣ አባ?»

«ትወልዳለች። አንቺ እስክትመረቂ እሷ ልጆች ታሳድጋለች።»

«እኔም ደመወዝ አገኛለሁ።»

«ደመወዝ ይወልዳል?»

«አይወልድም።»

«አየሽ።»

«ጊደሯስ መርፌ ትወጋለች?»

«እሱማ አትወጋም። ትራገጣለች እንጂ።»

ከጎናቸው የተቀመጠች አንዲት ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ይቅርታ አባባ፣ እኔ ነርስ ነኝ።»

«ማሻአላህ። ደመወዙ እንዴት ነው?»

«ወር አያደርስም። የተማርኩበትን ብድር ከፍዬ የጨረስኩት እንኳ በቅርቡ ነው።»

«ሰማሽ፣ ልጄ?»

«አባቴም በሬ ሸጦ ጨምሮልኛል» አለች ነርሷ።

«ወላሂ? ተጸጸተ?»

«እሁድ እሁድ የደም ግፊቱን ስለካው በሬው ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ይነግረኛል።»

«ግፊቱ ይጨምራል?»

«ዋጋውን ሲጠራ ብቻ።»

ሰውየው ወደ ነርሷ ጠጋ አሉ።

«በነጻ ነው የምትለኪለት?»

«በነጻ።»

«እቤቱ ድረስ ሄደሽ?»

«እቤቱ ድረስ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በቃ ተማሪ። ግን መርፌ በእኔ ላይ እንዳትለማመጂ።»

«በማን ላይ ልለማመድ ታዲያ?»

«በአጎትሽ። ጊደር ግዙ ያለው እሱ ነው።»

ወሬያቸው ይዞኝ መውረጃዬ አልፎ ነበር፣ እኔ ግን «ወራጅ አለ» ሳልል ጎባ ድረስ ሄድኩ።