የማቆያው አግዳሚዎች

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የባጃጁ ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ ፈዲላ በላይኛው መንገድ አልፋ ቤቷ በገባች ነበር። አያ ኸሚስም እንደወትሮው ከሐይቁ ዳር መረባቸውን ጠግነው፣ ዙህራቸውን ሰግደው፣ በያዙት አቋም ጸንተው በዋሉ። ጎማው ግን ተነፈሰ፤ እሷም በሐይቁ ዳር ባለው አቋራጭ በእግሯ መጣች።

አቋማቸው ምን ነበር ቢባል፣ ሱንዱስን ትምህርት ቤት አለመላክ ነው። ሱንዱስ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ አራት፣ ክፍሏ ስምንተኛ። እናቷ መስኡዳ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስትሄድ ልጅቱን ለአባቷ ለአያ ኸሚስ አደራ ብላ ነው የሄደችው። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሰባት ወር አልፎታል። አሁን በጥቅምት፣ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ይመለሱ፣ አርባ አምስት ቀን ይማሩና ፈተናቸውን ይውሰዱ ተብሏል። ምዝገባው ነገ ዓርብ ያበቃል። መስኡዳ በስልክ «አባዬ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አውቃለሁ፤ አንተ ያልከው ይሁን» ብላቸዋለች። እሳቸው ያሉት ደግሞ እንቢ ነው።

የሳቸው እንቢታ የሳቸው ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። አያ ኸሚስ የሰፈሩ የቀብርና የለቅሶ ማኅበር፣ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ሰው ድንኳን ሲተክልም ሲነቅልም ፊታቸውን አይቶ ነው። ዳኛው ልጃቸውን አስቀሩ ሲባል አሥራ አንድ ቤት አስቀረ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አያ ኸሚስ!» አለች ፈዲላ፣ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ እያለች።

አያ ኸሚስ ከተቀመጡበት ከተገለበጠው ጀልባ ላይ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። «ወዐለይኩም ሰላም። ከዚያው፣ ከዚያው! ክርንሽን ብቻ አሳይኝ።»

ክርኗን አሳየቻቸው። እሳቸውም አሳዩዋት። በሁለት ሜትር ርቀት ክርን ለክርን ተያዩ።

«ማስክዎ ግን አገጭዎን ነው የሸፈነው» አለች ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

«አገጬስ የሰው አይደለም? ይልቅ ንገሪኝ፣ ከየት ነው?»

ፈዲላ የጎረቤታቸው የዑምኩልሱም ልጅ ናት። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ስምንት ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ፣ በሽታው በበረታ ጊዜ ከተመለሱት ጋር ነው የመጣችው። በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዛለች።

«ከትምህርት ቤት። ተመዝግቤ መምጣቴ ነው።»

«ማንን አስመዝግበሽ?»

«ራሴን ነዋ። ስምንተኛ ክፍል።»

አያ ኸሚስ መረቡን ጭናቸው ላይ ተዉት። «አንቺ? ከነሱንዱስ ጋር?»

«እነሱ ሲጨርሱ ከሚገቡት ጋር። ከነሱ ጋርማ እንዴት ብዬ! ግን የሱንዱስን ስም ዝርዝሩ ላይ አይቼ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ባዶ ነው። ምነው አያ ኸሚስ፣ አሟት ነው?»

«አላህ ይጠብቃት፣ እንዳያማት ነው እንጂ!» አሉና ተስተካክለው ተቀመጡ። ይህን ክርክር ከርዕሰ መምህሩም ከቀበሌውም ሰው ጋር ተከራክረውት አሸንፈዋል፤ ያሸነፉበትን ነገር ደግሞ መድገም ይወዳሉ። «ስሚኝ ልጄ። ያ ትምህርት ቤት ማቆያ ነበር። አንቺ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ስለመጣሽ አታውቂውም። ከዐረብ አገር የመጣው፣ ከጅቡቲ የመጣው፣ አሥራ አራት አሥራ አራት ቀን እዚያ ነው የተዘጋበት። ስንቱ ሳለበት! ስንቱ አነጠሰበት! ይኼ በሽታ ብረት ላይ አይቆይ ይሆናል፤ እንጨት ግን ይጠጣዋል። አግዳሚው ጠጥቶታል። በረኪና አፈሰስንበት ይሉኛል። በረኪና የላይ የላዩን ነው የሚያጥበው። ታዲያ የልጄን አደራ አምጥቼ እዚያ ላይ ላስቀምጥ?»

ፈዲላ አንድ ድንጋይ ፈልጋ፣ ርቀቷን ጠብቃ ተቀመጠች።

«አያ ኸሚስ፣ አዲስ አበባ ነበረች ያለዎት ማነው?»

«እናትሽ ናታ።»

«እናቴ ሰው እንዳይሸሸን ብላ ነው፣ አውፍ፣ ይቅር ይበሏት። እዚሁ ነበርኩ። ስምንተኛ ‹ለ› ክፍል፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ፍራሽ ዘርግቼ አሥራ አራት ቀን ተኝቻለሁ።»

አያ ኸሚስ ወዲያው የሠሩት ሥራ ወደ ኋላ መቁጠር ነበር። በአረፋ ዕለት ይህቺ ልጅ ቤታቸው ገብታለች። ከአንድ ትሪ በልተዋል። እንዲያውም «ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል» ብለው በእጃቸው አጉርሰዋታል። ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ እሳቸውም አሉ፣ እሷም አለች።

«አልታመምሽም?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተመርምሬም ነጻ ነሽ ተባልኩ። የታመምኩት በሌላ ነው። ሰሌዳው ላይ መምህሩ የጀመረው ሒሳብ ነበር፤ ትምህርት በተዘጋ ቀን የጻፈው ይመስለኛል። እኩል ይሆናል ብሎ ሳይጨርሰው ቀርቷል። ከስምንተኛ ክፍል እኮ ነው የወጣሁት፤ ድሮ እንዲህ ያለውን ለጓደኞቼ እኔ ነበርኩ የማስረዳቸው። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ተኝቼ አየሁት፤ መጨረስ አቃተኝ። አለቀስኩ። በስምንት ዓመት ስንት ነገር ችዬ ያቺን ታህል ነገር ሲያቅተኝ!»

«አይ፣ አይዞሽ» አሉ አያ ኸሚስ፣ ነገሩ ባይገባቸውም ልቅሶው ገብቷቸው። ነገር ግን ዳኛ ናቸውና ከያዙት ጉዳይ አልወጡም። «ደህና፣ አንቺን አላህ አወጣሽ። አግዳሚውስ?»

«አግዳሚዎቹማ ለፍራሹ ቦታ እንዲለቁ በረንዳ ላይ ወጥተው ነበር። ጠዋት ጠዋት እነሱ ላይ ተደርድረን ፀሐይ እንሞቅ ነበር። በኋላ ግን ጋሪ መጥቶ ጫናቸው።»

«የምን ጋሪ?»

«የቅሬ ጋሪ። ‹ዳኛው አዘዋል፣ የዑበይዱላህ ለቅሶ ነው› ሲሉ በመስኮት ሰምቻለሁ።»

እዚህ ላይ አያ ኸሚስ ወደ ሐይቁ ዞሩ። ሐይቁ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ግንቦት ላይ የቅሬው አባል ዑበይዱላህ ሲሞት፣ መሰብሰብ ክልክል ነው የተባለ ጊዜ፣ «ለቀስተኛዬን መሬት አላስቀምጥም» ብለው አሥራ ስድስት አግዳሚ ያስመጡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጦባቸዋል። ውኃውም በአንድ ኩባያ ነበር የዞረው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ ደክሟቸው፣ አንዱ አግዳሚ ላይ ጉንጫቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው እስከ ዐስር ሶላት ተኝተዋል።

«ሱብሃነላህ!» አሉ በመጨረሻ። «ተኝቼበታለሁ እኮ! በጉንጬ!»

መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ሁለቱም ደነገጡ፤ ሳሉ ሳቅ ብቻ መሆኑን ሲያረጋግጡ ደግሞ አብረው ሳቁ።

ፈዲላ ግን በሳቁ ተጠቅማ አላሳሳተቻቸውም፤ ይህ ሊነገርላት ይገባል። «እንግዲህ ምንም የለም ማለቴ እንዳይመስልዎ» አለች። «በሽታው አለ። እንጨት ውስጥ ግን ወር አይቀመጥም፤ ከሰው ትንፋሽ ነው የሚመጣው። በዚያ ለቅሶ ከአግዳሚው ይልቅ ትከሻ ለትከሻ መቀመጡና የኩባያው መዞር ነበር የሚያስፈራው። ከዚያ አላህ አወጣችሁ። ትምህርት ቤቱን ደግሞ ዛሬ አየሁት። በአንድ አግዳሚ አንድ ልጅ ነው፤ በአንድ ክፍል ሃያ ምናምን። መስኮቱ ክፍት፣ በሩ ላይ በርሜል ውኃና ሳሙና። ቅሬያችን ያላደረገውን አድርገዋል።»

«ልጆች ናቸው፤ ከበር ሲወጡ ይተቃቀፋሉ።»

«ይተቃቀፉ ይሆናል። ሱንዱስ አሁን ቤት ተቀምጣ ሰው አታገኝም? ሰኞ ገበያ አልላኳትም? ዓሣ ልትሸጥ ከስንት ሰው ጋር ትገፋፋለች? ገበያው ሳያስፈራ ትምህርት ቤቱ ብቻ ለምን አስፈራዎ?»

አያ ኸሚስ የነበራቸው መልስ አንድ ነበር፤ እሱን ለርዕሰ መምህሩም አላወጡትም።

«እሺ፣ እሷስ ልጅ ናት፤ ቢይዛት ትድን ይሆናል። እኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ደረቴ የክረምት ብርድ እንኳ አይችልም። ይዛብኝ ብትመጣስ? እኔ ብሞት ማን ጋ ትወድቃለች?»

«ይኼ እውነተኛ ነገር ነው» አለች ፈዲላ፤ ድምጿም ለሰለሰ። «ይኼን የሚንቅ ሰው የለም። ግን ከበር ታጥባ ትግባ፤ በተለየ ሳህን ትብላ፤ ማደሪያችሁን ለዩ፤ አንቱም ማስኩን ከአገጭዎ ከፍ ያድርጉት። ፍራቻው የራስዎ ከሆነ የኔ ነው ይበሉ፣ ማንም አያፍርብዎትም። በልጅቱ ስም ግን አይፍሩ። ኋላ ዕዳው ለሷ ነው የሚቀረው።»

«አንቺ ልጅ፣ ታውቂኛለሽ?» አሉ ተቆጥተው። «ለዚህ ሽማግሌ ነው እንዲህ የሚነገረው? አንድ ዓመት ብትቀር ምን ትሆናለች? አንድ ዓመት ነው፤ ከርሞ ትገባለች!»

ፈዲላ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «እኔንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። አንድ ዓመት ብቻ ሠርተሽ ትመለሻለሽ ተባልኩ። ያሉኝ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ እናቴና አጎቴ ናቸው። ይኸው ስምንት ዓመት። አውፍ ይበሉኝ አያ ኸሚስ፣ ካስከፋሁዎት።»

ሄደች። አያ ኸሚስ መልሰው መረቡን አነሡ፤ ግን አልጠገኑም። «አንድ ዓመት ነው» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምተውት ነበር፤ ከዚህ በፊትም ሰምተውታል፤ ያኔም የወጣው ከራሳቸው አፍ ነው። የመስኡዳ እናት ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት ቤት የሚይዝ ሰው ሲጠፋ መስኡዳን ከስምንተኛ ክፍል ያስወጧት እሳቸው ናቸው። ያኔም ሰበቡ በሽታ ነበር። እናቷ በዓመቱ ዳነች። መስኡዳ ግን ከታናናሾቿ ጋር መቀመጥ አፈረች፤ ቀጥሎ ባል መጣ፤ ባሏ ፈታት፤ ቀጥሎ ጅዳ። አያ ኸሚስ ይህን ሁሉ እያንዳንዱን ለብቻው ያውቁት ነበር እንጂ አያይዘውት አያውቁም።

ቤት ገብተው ሱንዱስን ጠሯት። እስካሁን ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲከራከር እሷን የጠየቃት አልነበረም።

«ትምህርት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቱ ወደ ውስጥ ገብታ ከትራሷ ሥር ሦስት ማስክ ይዛ መጣች። እናቷ ከላከችላት ሻርፕ ቀዳ በእጇ የሰፋችው ነው።

«ሁለቱ የኔ ነው፤ ሳጥብ እየቀያየርኩ የማደርገው» አለች። «አንዱ ያንተ ነው፣ አባባ። እንዳትፈራ ብዬ።»

«መቼ ሰፋሽው?»

«ወር ሆኖኛል።»

«ወር ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሰው ሁሉ እንቢ ስትል እሰማ ነበር።»

አያ ኸሚስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም። በማግስቱ ከጁምዓ በፊት፣ አበባ ያለበትን የሴት ሻርፕ ማስክ አፍንጫቸው ድረስ አድርገው፣ ልጅቱን ሊያስመዘግቡ ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ወጡ። ሰው ሳቀባቸው፤ እሳቸው ግን ሳቁ አልታያቸውም። ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ በመስጊዱ በር አሥራ አንዱን አባወራ አቁመው፣ «እኔ ተሳስቼ ነው ያሳሳትኳችሁ። መዝጋቢው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለ» አሏቸው። ዘጠኙ ሄዱ። ሁለቱ እንቢ እንዳሉ ቀሩ፤ ያም ሆኖ ዳኛውን አልወቀሱም።

የዚህ ውሳኔ ጥቅም በትምህርት ቤት ብቻ አልቀረም። ቅሬው በዚያው ሳምንት ተሰብስቦ በለቅሶ አንድ ኩባያ እንዳይዞር፣ አግዳሚ ሲዋሱ አራርቀው እንዲያስቀምጡ፣ ታጥቦም እንዲመለስ ወሰነ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የተማሩትን የእጅ አስተጣጠብ ቤት ይዘው ገቡ፤ በዚያ ዓመት ተቅማጥ እንኳ ከሰፈሩ ቀነሰ ይላሉ እናቶች። ሁለት ልጆች ጉንፋን የመሰለ ነገር ይዟቸው ሳምንት ቤት ዋሉና ተመለሱ። ሱንዱስና ዘጠኙ ልጆች አርባ አምስት ቀናቸውን ተምረው ተፈተኑ። ካልተመዘገቡት ሁለት ልጆች አንዷ በጥር ተዳረች።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያው ዓርብ ከሰዓት አያ ኸሚስ ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ጅዳ ደወሉ።

«አስመዘገብኳት» አሏት መስኡዳን።

ከወዲያ አፍንጫ የመሳብ ድምፅ ብቻ መጣ።

«አልሰማሽኝም? አስመዝግቤያታለሁ። ሰኞ ትጀምራለች።»

«ሰምቼሃለሁ፣ አባዬ።»

«ታለቅሻለሽ እንዴ? ከፋሽ? አደራሽን በላሁብሽ?»

«አይ። ደስ ብሎኝ ነው።» ቀጥላም፣ «አባዬ፣ ያኔ ለኔም እንዲህ ብታደርግልኝ ምን ነበር?» አለች።

አያ ኸሚስ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ስንት ሰው አስታርቀዋል። የተጣላን ሁሉ ይቅር ያባባሉበት ቃል ለራሳቸው ጊዜ አልመጣ አላቸው። ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አደራ ማለት ልጅን በሕይወት ማቆየት ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «በድዬሻለሁ፣ መስኡዳ። አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ» አለች መስኡዳ። «አሁን ሱንዱስን ስጠኝ፤ ምን ምን ደብተር እንደሚያስፈልጋት ልጠይቃት።»