ለገብርኤል የተነገረው ኢሜይል

ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ ከክላርክስተን በተነሳው አውቶብስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ። አንደኛዋ ቤቷን ሻጋታ ስለወረሰው የአፓርትመንቱን አከራዮች ከሳ ኖሯል።

«ሎየሬ የአከራዮቹን ቢሮ ኢሜይል በሙሉ በፍርድ ቤት አስወጣ። ሳነበው፣ ያቺ ሐበሻ ጎረቤቴ ስለ እኔ ጽፋላቸዋለች!»

«ምን ብላ?»

«መናገር አልችልም። ከኬዙ ውጪ ላለ ለማንም ሰው እንዳላወራ ዳኛው ከልክለዋል። ፈርሜያለሁ።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺም።»

«እሷንስ ልክ ልኳን አልነገርሻትም?»

«በምን አፌ! ይኸው ባገኘኋት ቁጥር ሦስቴ እስማታለሁ።»

«እንዲሁ ተቃጥለሽ ልትቀሪ ነው?»

«ለምን እቃጠላለሁ? ለገብርኤል ነገርኩት።»

«ለገብርኤል?»

«የተከለከለው ለሰው ነዋ! ሎየሬን ጠየቅኩት። ገብርኤል ማነው አለኝ። መልአክ ነው ስለው ሌላ ደንበኛ ጠራ።»

«በልብሽ ነው የነገርሽው?»

«ጮክ ብዬ ነው እንጂ! እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ። ‹ቀን ከሌት ሽሮ እያንተከተከች ቤቱን ያሻገተችው ራሷ ናት ብላ የጻፈችብኝን አንተ ታውቃታለህ› አልኩት።»

«እንዴ! እንደዚህ ብላ ነው የጻፈችው?»

«እኔ ምንም አልነገርኩሽም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«አሜን አለች። ምን ትበል?»

«ጉድ!»

«ደግሞ የእሷ ብቻ መሰለሽ? የስንቱ ጎረቤት ኢሜይል አለ! በየእሁዱ አንድ አንድ እያልኩ ነው የምነግረው።»

እኔም የምኖረው እዚያው አፓርትመንት ነው፤ ለቢሮው የጻፍኩትም አይጠፋም፤ እነሱ በፌርማታችን ሲወርዱ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ሄድኩ።